የአየር ማናፈሻው ችሎት

ዳኛው አዲሱን ቤት መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ግድግዳው ቆሞ፣ ጣራው ለብሶ፣ መስኮቱ ገብቶ፣ የሚቀረው ልስንና ቀለም ብቻ ሆነ። ያገኘው ሁሉ «በቃ፣ አለቀ በለው!» እያለ ትከሻውን ቸብ ያደርገዋል። ዳኛው ግን «አለቀ» የምትለዋን ቃል እንዲህ በዋዛ ከአፉ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ጠበቆች ፊት ለፊት «ክቡር ዳኛ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ክቡር ቀጠሮ»። እሱ ዘንድ የገባ መዝገብ ተጨማሪ ማስረጃ ሳይጠየቅበት፣ ተጨማሪው ማስረጃም ሌላ ተጨማሪ ሳይወልድ አይወጣም። በጥቁር ፀጉር ክስ ከፍተው በሽበት የተመለሱ አሉ ይባላል። ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አልተጋነነም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የቤቱ መሃንዲስ፣ ቆፍጠን ያለች ወጣት ሴት፣ ዳኛውንና ባለቤቱን ባዶው ሳሎን መሃል አቁማ መስኮቱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«መስኮቱ በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ችግሩም እሱ ነው።»

መስኮቱን የመረጠችው የዳኛው ባለቤት ነበረች። ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ክኒን ስትቆጥር ውላ ስትገባ የአሮጌው ቤታቸው መንገድ አቧራውንና የመኪና ጥሩምባውን ይዞ እቤት ድረስ ይከተላታል። ስለዚህ ለአዲሱ ቤት አቧራ ቀርቶ ሐሜት የማያሳልፍ መስኮት አስመጣች።

«ጥሩ ከሆነ ምኑ ነው ችግሩ?» አለች ቆጣ ብላ።

«አሮጌው ቤታችሁ በየስንጥቁ ይተነፍሳል። ይሄኛው ስንጥቅ የለውም። ስትተኙ፣ ስታበስሉ፣ ገላችሁን ስትታጠቡ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። በዓመቱ ጥጋጥጉ ሻጋታ ያወጣል። አየር ማናፈሻ ያስፈልጋችኋል።»

መሃንዲሷ ምርጫው ሁለት እንደሆነ አስረዳች። አንደኛው ጣራ ሥር አንድ ትልቅ ማሽን ተቀምጦ በኮርኒሱ ውስጥ በሚዘረጋ ቱቦ ለሁሉም ክፍል አየር የሚያድል ነው። ሁለተኛው በየክፍሉ ግድግዳ ተበስቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ትንሽ ማናፈሻ የሚገጠምለት።

«እንግዲህ ከልስን በፊት ወስኑ» አለች የራስ ቁሯን እያወለቀች። «ለሳኙ ሰኞ ይገባል።»

«ሰኞ?» አለ ዳኛው። «የትኛው ሰኞ?»

ባለቤቱ ጣራ ጣራውን አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች።

* * *

እሑድ ከሰዓት በኋላ አሮጌው ቤት ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ተጠርጎ ሁለት ሻጮች ቀረቡ። አንደኛው ከረባት ያሰረ፣ ላፕቶፕ ያነገተ፣ ሲናገር ጥርሱን የሚያሳይ ሰው ነው፤ የማዕከላዊው ማሽን ወኪል። ሌላዋ በስፖርት ቦርሳ ውስጥ ከባድ ነገር ተሸክማ የመጣች፣ ላቧን በእጅጌዋ የምትጠርግ ሴት ናት፤ የየክፍሉ ማናፈሻ ወኪል። ዳኛው ባለ ከረባቱን በቀኙ፣ ባለ ቦርሳዋን በግራው አስቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳይነሳ «ተቀመጡ» አለ።

ባለቤቱን ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ አዘዛት። እሷም ደብተር አውጥታ ብዕሯን ጠቅ አደረገች።

ባለ ከረባቱ ጀመረ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ማለት ለቤትዎ አንድ ልብ ማለት ነው። አንድ ልብ፣ ብዙ የደም ሥር። ኮርኒሱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል፤ ማንም ልብ አይለውም።»

«እኔ እለዋለሁ» አለ ዳኛው። ቁመቱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያስብል ነው። «ማሽኑ ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም።»

«የተጠየቁትን ይመልሱ።»

«ቢበላሽ...» ባለ ከረባቱ ከረባቱን አላላ። «ቢበላሽ ሁሉም ክፍል ይቆማል። ግን አይበላሽም።»

ዳኛው ወደ ግራው ዞረ። ባለ ቦርሳዋ ክንድ የሚያህል ቱቦ መሰል ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ የሴራሚክ ጡብ አለው።

«ይሄ ግድግዳ ውስጥ ይገባል» አለች። «ለሰባ ሴኮንድ የቤቱን አየር ያስወጣል፤ ሲያስወጣ ጡቡ ሙቀቱን ይቀበላል። ከዚያ ይገለበጥና የውጪውን ንጹሕ አየር በሞቀው ጡብ ላይ አሳልፎ ያስገባል። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲያስወጣ ጓደኛው ያስገባል።»

«እንደ ባልና ሚስት በያት!» አሉ የዳኛው አማት ከሶፋው ላይ። ከነጋ ጀምሮ መነጽራቸውን ሰክተው ይጠብቁ ነበር። «ሁለቱም ባንዴ ቢያስወጡስ?»

«ያኔ በሮቹ ያፏጫሉ፣ እማማ።»

«ይኸው፤ አላልኩም? ቆይ፣ መስኮት ከፍቶ መዝጋት ማን ከለከለ?»

በጉዳዩ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነበርና ሁለቱም ሻጮች ወደ ዳኛው ዞሩ። ዳኛው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ።

«እማማ፣ እርስዎ በዚህ ጉዳይ ተከራካሪ ወገን አይደሉም።»

«ምን አልክ? የምተኛበትን ክፍል ሊበሱት ነው እኮ!»

ዳኛው ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ጣልቃ ገብ ተከራካሪ ነዎት። በተራዎ ይሰማሉ።»

«ጣልቃ ገብ?» አማቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽው? ጣልቃ ገብ አለኝ!»

ባለ ከረባቱ ይህን ግርግር ተጠቅሞ አጠቃ። «ክቡር ዳኛ፣ ስምንት ቀዳዳ! ትናንት የተገነባ ግድግዳ ላይ ስምንት ቀዳዳ! ወጥ ቤቱስ? መታጠቢያ ቤቱስ? እነሱንም ይችሉልኛል ትበልና!»

«አይችሉም» አለች ባለ ቦርሳዋ ሳታቅማማ። «ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ወደ ውጪ ብቻ የሚያስወጣ ተራ ፋን ይፈልጋሉ። ጭስና እንፋሎት የኔ ሥራ አይደለም።»

ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ አያት። በሃያ ሁለት ዓመት የዳኝነት ዘመኑ «ይሄን አልችልም» ያለ ተከራካሪ ገጥሞት አያውቅም። ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ከደብተሩ ቀና አደረገች።

«ቀዳዳው ስፋቱ ስንት ነው?» አለች።

«አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር። ወደ ውጪ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ የሚጠራቀመው ውሃ በዚያው እንዲወርድ።»

«ከአልጋ ራስጌ በላይ ይሆናል?»

«በጭራሽ! ከአልጋ ይራቅ።»

ባለቤቱ ጻፈች። ዳኛው ቃለ ጉባኤ የምትይዝ መሰለው።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ግራ ቀኙ ተሰምቷል» አለ። «ጉዳዩ በቦታ ምልከታ መጣራት ስላለበት ለሁለት ሳምንት ተቀጥሯል።»

«ለሳኙስ?» አለች ባለቤቱ።

«ለሳኙ ይጠብቃል።»

ባለቤቱ ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይህ ሊያሳስበው ይገባ ነበር።

* * *

ዳኛው እንዲህ ሆኖ አልተፈጠረም። በወጣትነቱ ፈጣን ዳኛ ነበር፤ እንዲያውም በፍጥነቱ ይኩራራ ነበር። አንድ ጊዜ የሱቅ ክርክር መጥቶለት በአንድ ቀጠሮ ወሰነና አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁን እንዲለቅ ፈረደ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። በዓመቱ የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን «በቂ ማጣራት ሳይደረግ የተሰጠ» ብሎ በአንድ መስመር ሻረው። ዳኛው ሰውየውን የሚፈልግ መልእክተኛ ላከ። ልብስ ሰፊው ግን ከተማውን ለቆ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ቸኩሎ አያውቅም። መጀመሪያ ጥንቃቄ ነበር፤ ኋላ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም በርትቶ ባሕርይ ሆነና ሱሪ ሲገዛ እንኳ ሦስት ሱቅ ዞሮ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጥራል።

የቦታ ምልከታው በአንድ ጡረተኛ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቤት ተጀመረ። ሰውየው በየክፍሉ ማናፈሻ ከገጠሙ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዳኛውንና ባለቤቱን በር ላይ ተቀብለው «እንደ ተራራ ላይ ነው የምንተነፍሰው!» እያሉ ደረታቸውን ነፉ። ሳሎኑ በእውነትም ደስ ይላል። መኝታ ቤቱ ሲደርሱ ግን ዳኛው ቆሞ ከአልጋው ራስጌ በላይ ያለውን ማናፈሻ ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይሄ የተወተፈው።»

ሰውየው ፊታቸው ፍም መሰለ። «ካልሲ ነው።»

«ለምን?»

«ሲገለባበጥ ፊው... ይላል። ባለቤቴ እህቷ የምታለቅስ እየመሰላት አልተኛ አለች። ርካሹን ነው የገዛሁት፤ ደግሞ ራስጌ ላይ ይሁን ያልኩት እኔው ነኝ። ቀኑን አወጣዋለሁ።»

አሁን ቀን ነበር። ዳኛው «ካልሲ፣ አንድ፣ ግራጫ» ብሎ መዘገበ።

ሁለተኛው ቤት የአንድ የዓይን ሐኪም ነው። ማዕከላዊው ማሽን የተገጠመበት፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ፣ ጸጥታው የሚያስፈራ ቤት። አየሩ ከየት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ብቻ ይገባል። ሐኪሙና ሚስቱ ሻይ ሊያቀርቡ ወጥ ቤት ገቡ። ዳኛው በልቡ ወደ ማዕከላዊው ሲያጋድል ተሰማው፤ እጁን ሊታጠብም ወደ እንግዳ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

ሳሙናውን እንደያዘ ከኮርኒሱ ላይ ድምፅ መጣ። የሐኪሙ ሚስት ናት፤ አጠገቡ የቆመች ያህል ጥርት ብላ ትሰማለች።

«ይሄ እኮ እሱ ነው! ክቡር ቀጠሮ! የወንድምህን የአጥር ክርክር ስድስት ዓመት ያስቀመጠው!»

«ቀስ በይ፤ ይሰማል።»

«በምን ይሰማል? መታጠቢያ ቤት ነው። ድንበሩ ላይ የነበረው ጥድ እኮ ክርክሩ ሲጀመር ችግኝ ነበር። አድጎ፣ ተቆርጦ፣ ወንበር ሆኗል!»

«ኧረ ዝም በይ፣ አታስቂኝ።»

«አሁን ደግሞ አየር ሊመርጥ? ይሄ ሰውዬ ወስኖ እስኪተነፍስ በሕይወት መኖሩንም እንጃ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ በቱቦው ውስጥ እየተንከባለለ መጥቶ በዳኛው ራስ ላይ ፈሰሰ። ዳኛው የረጠበ እጁን አንከርፍፎ ቆመ። ውሃው በክርኑ እየወረደ ሸሚዙ ውስጥ ገባ፤ አላወቀውም። በመጀመሪያ የተናደደው በሴትዮዋ ነበር። ቀጥሎ በቱቦው። ከዚያ የሚናደድበት ሌላ ሰው ሲፈልግ መስተዋቱ ፊት ለፊቱ ነበር።

ወጥቶ ሻዩን ጠጣ፤ አመሰገነ፤ ሐኪሙም ደጅ ድረስ ሸኘው። መኪና ውስጥ ባለቤቱ «እንዴት አየኸው?» አለችው።

«ቱቦው ድምፅ ያስተላልፋል።»

«ምን ሰማህ?»

«ዝርዝሩ መዝገብ ላይ መስፈር አያስፈልገውም።»

ባለ ከረባቱ ይህን ሲሰማ በስልክ ተንጫጫ። የሐኪሙ ቤት የድምፅ ማፈኛ ስላልተገጠመለት ነው እንጂ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም አለ። እውነቱን ነበር፤ ዳኛውም እውነቱን እንደሆነ አውቋል። በቱቦ የተሰደበ ዳኛ በቱቦ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሦስት ቀን አሰቃየው። ከመዝገቡ እንዳይነሳ ደግሞ የሚተካው የለም፤ ተለዋጭ ዳኛ ሊሆኑ የሚችሉት አማቱ ብቻ ናቸው።

* * *

በሁለት ሳምንቱ፣ እሑድ፣ ዳኛው አሮጌው ቤት ሳሎን ውስጥ ቆሞ አሥራ አንድ ገጽ ውሳኔ አነበበ። ባለቤቱ፣ አማቱና መሃንዲሷ ተደርድረው ሰሙት። የግራ ቀኙን ክርክር፣ የካልሲውን ነገር፣ የጣልቃ ገቧን መከራከሪያ ከነመልሱ ዘረዘረ። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«...ስለዚህ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን የማያስቆመው፣ ኮርኒሱን የማያወርደው፣ አቅራቢዋም ጉድለቱን ሳትደብቅ የተናገረችለት የየክፍሉ ማናፈሻ እንዲገጠም ተወስኗል። ስምንት ማናፈሻ፣ አራት ጥንድ። መዝገቡ ተዘግቷል።»

መሃንዲሷ ጫማዋን ታያለች። ባለቤቱ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ታስተካክላለች። አማቱ ግራ ገባቸው።

«ታዲያ ከተበሳ በኋላ ነው እንዴ የሚፈረድለት?» አሉ።

ዳኛው ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። «ምኑ?»

«ግድግዳው ነዋ! የኔ ክፍል እኮ ተበስቶ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። ምነው፣ አልነገሩህም?»

ቁልፉን አንስቶ ወጣ። አዲሱ ቤት ሲደርስ ለሳኙ እሑድንም ሳያርፍ የመጨረሻውን ግድግዳ በማለስለሻው እያሻሸ ነበር። ልስኑ ደርቋል። በየክፍሉ አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቱቦው ገብቶለት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ዙሪያው ተለስኖ አልቋል። ዳኛው አንዱን ላስቲክ ገለጥ አድርጎ እጁን አስገባ። ወደ ውጪ ትንሽ ዘንበል ይላል። ከአልጋው ቦታም ርቋል።

«እንዴት ነው፣ ክቡር ዳኛ?» አለ ለሳኙ ኩራት እያለው። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ነው የበሳናቸው። እመቤት በደብተር ጽፈው ነው የሰጡኝ። እንደሳቸው ያለ ባለቤት አይቼ አላውቅም፤ ልኩን፣ ከፍታውን፣ ሁሉን ነገር!»

ባለቤቱ በታክሲ ተከትላው ደረሰች። በባዶው መኝታ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ፍርድ ሳይሰጥ አፈጻጸም!» አለ ዳኛው። ድምፁ ባዶው ግድግዳ ላይ እያስተጋባ ተመለሰበት። «ይሄ በየትኛው ሕግ ነው?»

«ለሳኙ ሰኞ ገባ። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ብንመልሰው ሌላ ሥራ ይዞ እስከ ክረምት አናገኘውም።»

«ሌላውን ብመርጥስ ኖሮ?»

«አትመርጥም ነበር። ልጅቷ ‹አልችልም› ስትል ፊትህን አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ወግ ነው።»

«ብሳሳትስ? እኔ ብሳሳት፣ አንቺም ብትሳሳቺ?»

ባለቤቱ ቀዳዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ድምፅዋ ለስለስ አለ።

«ብንሳሳት ቀዳዳ ነው፤ ሲሚንቶ ይደፍነዋል። እዚህ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊ የለም፣ የኔ ጌታ። ማንንም አላስወጣህም።»

ያን ሰው በስሙም በሥራውም አንስታበት አታውቅም ነበር፤ የረሳችው መስሎት ኖሯል። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ፤ ሱሪው ነጣ። ጥቂት ቆይቶ የሐኪሙ ሚስት ያለችውን ሁሉ፣ የጥዱንም የወንበሩንም፣ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ባለቤቱ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

«ስድስት ዓመት» አለ። «ሰዎቹ ስድስት ዓመት አጥር አላጠሩም ማለት ነው።»

«ማለት ነው» አለች።

* * *

ሰኞ ጠዋት የአጥሩን መዝገብ አስወጣ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። መዝገቡ ሲመጣ ወፍራም ትራስ ያህል ነው። ዳኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበውና ደነገጠ፤ ለፍርድ የሚያስፈልገው ካርታና የቀያሽ ማብራሪያ በሁለተኛው ዓመት ገብቶ አልቋል። የቀረው አራት ዓመት የራሱ ፊርማ ብቻ ነው።

በችሎት ጠበቆቹን ጠርቶ፣ አየር ማናፈሻ ለማየት የአንዱ ተከራካሪ ወንድም ቤት እንደገባና እዚያም ስለ ጉዳዩ ሳይፈልግ ወሬ እንደሰማ በግልጽ ነገራቸው፤ ተቃውሞ እንዳላቸውም ጠየቀ። ሁለቱም ጠበቆች ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን ለቀጣዩ ቀጠሮ ከፍተው ስለነበር ምን እየሆነ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። አልተቃወሙም። ዳኛው በሦስት ገጽ ወሰነ። በካርታው መሠረት የሐኪሙ ወንድም አንድ ሜትር ተኩል ገፍቶ ገብቷልና መሬቱን ይመልስ አለ።

አንደኛው ጠበቃ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። «ዛሬ?» አለ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሐኪሙም ለጡረተኛው የባንክ ሥራ አስኪያጅ «እንዲህ ሊፈርድብን ነው ስድስት ዓመት ያስቀመጠን? ቢያስቀምጠው ምን ነበረበት!» ብሎ አማረረ አሉ።

ከሦስት ወር በኋላ አዲሱ ቤት ገቡ። ክረምቱ አለፈ፤ ጥጋጥጉ ደረቅ ነው፤ መስኮቱም አላላበውም። አማቱ የመጀመሪያውን ሳምንት «ክፍሌ ውስጥ ሰው ይተነፍሳል» እያሉ ሶፋ ላይ አደሩ። በሁለተኛው ሳምንት የማናፈሻቸው ውጪያዊ ክዳን ከጎረቤት ጓሮ ጋር ፊት ለፊት መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ወንበራቸው ከማናፈሻው ሥር አይነሳም። ባለ ቦርሳዋ ለፍተሻ መጥታ ላንድ አፍታ ላጥፋው ስትላቸው «ቆይ፣ ቆይ፣ ሴትዮዋ ስለ አከራይዋ እየተናገረች ነው!» ብለው ከለከሏት። ዳኛው ይህ ነውር እንደሆነ አስረዳቸው፤ ራት ላይ ደግሞ አከራይዋ ምን እንዳለች ጠየቃቸው።

የማናፈሻዎቹን የአቧራ ማጣሪያዎች በየሁለት ወሩ ማጠብ የእሱ ሥራ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ይቀመጥና ስምንቱንም ተራ በተራ ያጥባቸዋል። ግራጫ አቧራ እየለቀቁ ነጭ ሲሆኑ ማየት ደስ ይለዋል። ደርቀው ሲያልቁ ባለቤቱ በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብላ «መግጠሙን ከየትኛው ክፍል ልጀምር?» ትለዋለች።

«ከእማማ» ይላታል ቀና ሳይል። «ቶሎ በይ፤ ጎረቤት ጓሮዋ ሳትወጣ።»